ሰው የሚያወፍረው ስክሪን

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ ጭማቂ ቤት ገብቼ አቮካዶ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሎ የእግር ኳስ ጨዋታ ያሳያል፤ ቤቱ በወጣት ግጥም ብሏል። ተጫዋቾቹ በሙሉ ወፍራም ናቸው። በክንፍ በኩል የሚሮጠው ልጅ ትከሻው ሌላ ነው፤ ዳኛው ሆዱን ገፍቶ ይከተለዋል፤ ኳሷ ራሷ ክብ አይደለችም፣ የተረገጠች ብርቱካን ትመስላለች። ዙሪያዬን ብቃኝ ማንም ልብ ያለው የለም። አስተናጋጇን ጠርቼ ሪሞቱን እንድታቀብለኝ ለመንኳት። «ድምፁ በዛብዎት አባባ?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ ሰዎቹን ላከሳቸው ነው» ስላት፣ ጤንነቴን የተጠራጠረች መሰለኝ። አንዱን ስጫን ሌላውን ስተው፣ ምስሉ ድንገት ሰብሰብ አለና ተጫዋቾቹ ሰው ሰው መሰሉ፤ ግራና ቀኙ ላይ ግን ጥቁር መስመር ቀረ። ቤቱ አጉረመረመ። «ኧረ ፋዘር፣ ስክሪኑን አጠበቡት» አለ አንዱ። የቤቱ ባለቤት በታላቅ ትሕትና መጥቶ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደና መልሶ አወፈራቸው። እኔም ወንበሬን አዙሬ፣ ጀርባዬን ለኳሱ ሰጥቼ አቮካዶዬን ጠጣሁ።

ይህ አመሌ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጊንጆ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። «ፎቶ ዘውዴ» ብትሉ እኩዮቼ ዛሬም ቦታዋን ያሳዩአችኋል፤ አሁን የሞባይል መሸፈኛ የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ጅማ የገባ ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ አማርኛውን ከቤት ኦሮምኛውን ከሰፈር ለቅሜ ያደግኩ ነኝ። ክፍሏን በመጋረጃ ለሁለት ከፍያት ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ አስልቻለሁ፤ ሠዓሊው ፏፏቴ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ውኃው ከድስት የሚገለበጥ ወተት መስሎ ነው የሚወርደው፤ ሆኖም አንድም ደንበኛ ቅር ብሎት አያውቅም። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ ቀይ ከረባትና ማበጠሪያ ተሰቅለዋል። ያ ኮት ያልለበሰው የጊንጆ ወንድ ካለ ጅማን የለቀቀ ብቻ ነው። መምህሩም፣ ወዛደሩም፣ ሙሽራውም የተነሳው በእሱ ነው። አራት ጉርድ ፎቶ ሦስት ብር በነበረበት ዘመን ኮቱ በነጻ ነበር፤ ከረባት የፈለገ ሃያ አምስት ሳንቲም ይጨምራል። አጠገቤ ካሴት ቤት ስለነበር ሰዉ ፎቶ የሚነሳው በዘፈን ነው። ጠዋት የአማርኛ የፍቅር ዘፈን፣ ከሰዓት የኦሮምኛ የሰርግ ዘፈን ይለቀቅና፣ አንዳንዱ ደንበኛ «አትንቀሳቀስ» እየተባለ ትከሻው እምቢ ይለዋል።

ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ለኮቱም ለዘፈኑም አልነበረም፤ ስለማሳምር ነው። በፊልም ጊዜ፣ ጥቁርና ነጭ ሳለ፣ በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ እሠራ ነበር። የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የግንባር መስመር አለሰልሳለሁ፣ ያበጠ ዓይን እመልሳለሁ። «ዘውዴ እጅ የገባ ሰው አያስጠላም» ይባል ነበር፤ እኔም ይህን እየሰማሁ ልቤ ማበጡን አልደብቅም። ዓይኔን ከማንም በላይ አምነው ነበር። የዚህ ታሪክ ጥፋትም ሁሉ የመጣው ከዚያ እምነት ነው።

ኋላ ፊልም ጠፋ። ፊልም የማጥብባት ጨለማ ክፍሌ የጣሳና የጆንያ ማስቀመጫ ሆነች፤ እኔም ከሰው ላለመቅረት ዲጂታል ካሜራ፣ ኮምፒውተር፣ ስካነርና ፕሪንተር ገዛሁ። ኮምፒውተሩ ስድስት ወር በሰላም አልሠራም። ደንበኛው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ በየፍላሹ ቫይረስ አለ። አንድ ቀን የሠርግ ፎቶ ስከፍት በሙሽሮቹ ፋንታ ባዶ ፎልደር ብቻ አገኘሁና ነዚፍን አስጠራሁት። ነዚፍ የአጋሮ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ፣ ቤቱ ደግሞ ከፎቶ ቤቴ ኋላ። አለባበሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እጅጌው የታጠፈ ሸሚዝ፣ ከኪሱ ብቅ ያለ ስክሩድራይቨር። ሲዲ ይዞ መጣና «ጋሽ ዘውዴ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ይሄንን አሮጌ ሶፍትዌር እንጣለውና በእሱ ፋንታ ሊኑክስ ልጫንልዎት። ቫይረሱ አይነካውም፣ ዋጋም የለውም» አለኝ። ዋጋ የሌለው ነገር ያስፈራኛልና ማን እንደሠራው ጠየቅኩት። «ዳዶ ነው በቃ» አለኝ። «ዛሬ ጎረቤቴ የእኔን ቡና ይለቅማል፣ ነገ እኔ የእሱን እለቅማለሁ። እነሱም እንደዚያ ተጋግዘው ነው የሠሩት። ዓለም ላይ ያለ ባለሙያ ትርፍ ሰዓቱን ያዋጣበታል።» በዳዶ የተሠራ ከሆነ እሺ አልኩት፤ ሲዲውም ገባ፣ ቫይረሱም ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ወዲህ ቫይረስ የሚባል አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ዓይኔ እየደከመ ስለመጣ አሮጌውን ባለ ጉብጉብ ሞኒተር ሸጬ ከአዲስ አበባ ሰፊና ጠፍጣፋ ስክሪን አስመጣሁ። ጊንጆ ውስጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ቢያንስ እኔ ለሰው የምናገረው እንደዚያ ነበር። ነዚፍ ገጠመው፣ በራ፣ ነገር ግን ነዚፍ ራሱን ነቀነቀ። «ሊኑክሱ ቪዲዮ ካርድዎን አላወቀውም። ድራይቨር ያስፈልገዋል» አለ። ድራይቨር ምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ አባቴ ቢሮ የነበሩትን አስተርጓሚ አስታወሰኝ። ባለጉዳዩ በኦሮምኛ፣ ሹሙ በአማርኛ ይናገራሉ፤ አስተርጓሚው የቀሩ ቀን ግን ሁለቱ በእጅ ምልክት ይግባባሉ፣ ግማሹ ጉዳይ ይሳሳታል። «አሁንም በምልክት ነው የሚግባቡት» አለ ነዚፍ። «ስክሪኑ አሥራ አራት መቶ አርባ በዘጠኝ መቶ ነው የሚፈልገው። ካርዱ የሚሰጠው አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስልሳ ስምንት። የጎደለውን ወደ ጎን ለጥጦ ይሞላዋል። ድራይቨሩን ፈልጌ አመጣለሁ፣ እስከዚያ ይሠራል።» ይሠራል የምትለዋን ሰማሁ፤ ሌላውን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ አሳለፍኩት።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። ደንበኛ ተነስቶ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ሳሳየው ፊቱ ሞላ ብሎ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ትከሻው ሰፍቶ ይታያል። ሰዉም ወደደው። ያኔ፣ ከዛሬው የጂምና የዳይት ዘመን በፊት፣ መወፈር የሰላምና የጤና ምልክት ነበር። «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል ማለት ነው» ሲባል ሴቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ከሌላ ሰፈር፣ ከፈረንጅ አራዳና ከሒርማታ ሳይቀር «ያንን ኮምፒውተር አሳየን» እያለ የሚመጣ ነበር። አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ በየሳምንቱ እየመጣ የራሱን ፎቶ አስከፍቶ እያየ ይሄድ ነበር፤ አሳትሞ ግን አያውቅም። እኔ ግን ፎቶ አንሺ ነኝ፤ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰው አውቀዋለሁ። ይህ ካሜራ ሰው ያወፍራል ብዬ ደመደምኩና፣ ከማተሜ በፊት የእያንዳንዱን ፎቶ ግራና ቀኝ ጨመቅ አድርጌ፣ ዓይኔ «አሁን ልክ ነው» እስኪለኝ አጠበዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሠራሁ። ታትሞ የሚወጣው ቀጠን ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዱ ደንበኛም «ጋሽ ዘውዴ፣ ታምሜ ነበር እንዴ?» ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ወረቀቱ ነው፣ ቀለሙ ነው እያልኩ አሳለፍኩት።

አባ ኦሊ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለው የቡ የሚኖሩ የቡና ገበሬ ናቸው። ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ጅማ ገበያ በመጡ ቁጥር ፎቶ ቤቴ ጎራ ብለው በርጩማዋ ላይ አረፍ የሚሉ ወዳጄ ነበሩ። አንድ ሰኞ ባለቤታቸውን አዴ ሰዕዲያን ይዘው መጡ። ሁለቱም ሐጅ ሊሄዱ ነው። የእሳቸው ጉርድ ፎቶ ከዓመት በፊት ለመታወቂያ ሳነሳቸው የተረፈ ስላለ ያው በቃ፤ አዴ ሰዕዲያ ግን በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናቸው፣ እጃቸው በቡና ለቀማ የጠነከረ፣ ነጭ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው ያሰሩ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ካሜራውን ሲያዩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አባ ኦሊ ከኋላዬ ቆመው በኦሮምኛ ያባብሏቸዋል። «እኔን እዪኝ። ዘውዴን ተዪው፣ እኔን እዪኝ።» ቀና ሲሉ ያዝኳቸው። ጥሩ ፎቶ ነበር። በስክሪኑ ስከፍተው ግን እንደ ሁሉም ሰፍቷል፤ ስለዚህ እንደ ሁሉም አጠበብኩት፤ እንዲያውም የሐጅ ስለሆነ ተጠንቅቄ። ማክሰኞ አባ ኦሊ በፖስታ ውስጥ ወስደው የተጓዦችን ወረቀት ለሚሰበስበው ቢሮ አስገቡ።

ረቡዕ ከሰዓት ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ይቺ ሴት ሌላ ናት አሉኝ» አሉ። ጸሐፊው አዴ ሰዕዲያን ሲመዘገቡ በዓይኑ አይቷቸዋልና ፎቶውን አልቀበልም ብሏል፤ ወረቀቱ በሙሉ ተጠቅልሎ ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እስከዚያ ትክክለኛ ፎቶ ካልገባ የዘንድሮው ጉዞ ለአዴ ሰዕዲያ የለም። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ጸሐፊውን መስደብ ነበር። አባ ኦሊ እስክጨርስ ሰምተውኝ «ኦቦ ዘውዴ፣ አንተን አልወቅስም። ግን እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም። ይሄንን እወቅልኝ ብዬ ነው» አሉና ወጡ። ፎቶውን አውጥቼ አየሁት። ጉንጯ የገባ፣ አፍንጫዋ የሰላ፣ ወር የታመመች የምትመስል ሴት ነበረች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ግን አዴ ሰዕዲያ ራሳቸው ናቸው። ፕሪንተሩን አጸዳሁ፣ ወረቀት ለወጥኩ፣ ቀለም ለወጥኩ፤ የምትወጣው ያቺው ሕመምተኛ ናት። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አንዲት ጉርድ ፎቶ አቃተው። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ከየቡ መጡ፤ ነዚፍም በምሳ ሰዓቱ ደረሰልኝ። ቀደም ብሎ ስለ ድራይቨሩ ሁለቴ ሊያስታውሰኝ ሞክሮ «ሰዉ ወዶታል ተወው» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ያንን አላነሳብኝም። «ከማተምዎ በፊት ምን ያደርጋሉ? ሜ፣ እስቲ ያሳዩኝ» አለኝ። አሳየሁት፤ ግራና ቀኙን ጨመቅ። «ለምን?» «ስለሚወፍሩ ነዋ።» ነዚፍ ከኪሱ አሥር ሳንቲም አወጣና ስካነሩ ላይ አስቀመጠ። ሳንቲሟ ስክሪኑ ላይ ስትመጣ እንቁላል ነበረች። «ጋሽ ዘውዴ፣ ካሜራው ሰው አላወፈረም፣ ፕሪንተሩም አላከሳም። ስክሪኑ ነው የለጠጠው። እርስዎ የተለጠጠውን ሲያስተካክሉ ልኩን ሰው አበላሹት።» ሁለት ወር ያተምኳቸው ሰዎች በሙሉ በዓይኔ ላይ መጡ፤ ሙሽራው፣ የፍርድ ቤቱ ዳኛ፣ የወንድሜ ልጅ የተማሪ መታወቂያ። አባ ኦሊ ከኋላችን ሆነው ሳንቲሟን አዩና «እና ዓይንህ አይደለም የተሳሳተው?» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው።

እዚህ ላይ ጥበበኛ ሰው ቢሆን ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ነዚፍም ብሎኛል። «አሁን ምንም ሳይነኩት ያትሙት፣ ይወጣል። ድራይቨሩን ቅዳሜ ተረጋግቼ እጭነዋለሁ።» እኔ ግን ግትር ነኝ። በማላምነው ስክሪን የአዴ ሰዕዲያን ፊት ሁለተኛ አላትምም፣ መጀመሪያ አስተካክልልኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ያፈረ ሰው ግትርነቱ ይብሳል። ነዚፍ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በፍላሹ ይዞት የነበረውን ድራይቨር መጫን ጀመረ። ጥቁር መስኮት ከፍቶ ነጭ ፊደል ጻፈ፤ ብዙ መስመር ወረደ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ግራ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዚፍ ለብቻው «ያ ረቢ» ሲል ሰማሁት። ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ዕድሜ ጋር አልገጠመም፤ ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ካምፓስ ካለው ኢንተርኔት መውረድ አለበት። የስሕተቱን ጽሑፍ ቃል በቃል በደብተር ላይ ገልብጦ፣ ሞኒተሩ ጀርባ የተለጠፈችውን ወረቀት እኔ በፊልም ማያ አጉሊ መነጽሬ እያነበብኩለት ቁጥሮቿን ጽፎ፣ ባጃጅ ይዞ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በረረ። ያኔ ሥራው እንዲህ ነበር። ጥያቄው በደብተር ይሄዳል፣ መልሱ በደብተር ይመጣል። ዛሬ ሁሉም ጥያቄውን በኪሱ ስልክ ጠይቆ ቆሞ ሳለ ይመለስለታል፤ ያን ጊዜ ግን የባጃጁ መንገድ፣ የመብራቱ መኖርና የኢንተርኔቱ ፍጥነት ሁሉ በመካከል ነበሩ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ «አባ ኦሊ፣ ጥግ ላይ ሌላ ፎቶ ቤት አለ፤ ራሴ ልውሰዳችሁ» አልኩ። ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። አባ ኦሊ ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ አዴ ሰዕዲያ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ለማላውቀው መሣሪያ ፊቴን ሰጥቻለሁ፣ ለማላውቀው ወንድ ደግሜ አልሰጥም ነው ነገሩ። «እሱ ይሂድ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ባላቸው እዚያ እንደሌሉ ሁሉ። «እዚያ ሆኖ ዱዓ ካደረገልኝ ለእኔ ይበቃኛል።» አባ ኦሊ «ዝም በይ አንቺ» አሉ፤ በቁጣ አይደለም። ጠበቅን። የአስር ሶላት ሲደርስ በርጩማዋን አነሳሁላቸውና ፏፏቴው ሥር ሰገዱ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ካሴት ቤቱም ለክብራቸው ዘፈኑን ዘጋ። ከሰገዱ በኋላ አባ ኦሊ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቡና ስንለቅም፣ ገና ልጆች ሳለን፣ አንድ ቀን ካዕባን አሳይሻለሁ ብያት ነበር። አንድም ቀን ምን ደረሰ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።» ጠረጴዛዬን ደግሜ ደጋግሜ ወለወልኩ።

ነዚፍ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ፣ ፍላሹን በፕላስቲክ ጠቅልሎ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠንም። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ከደብተሩ እያየ መጻፍ ጀመረ፤ አሮጌውን ድራይቨር ነቀለ፣ አዲሱን ተከለ፣ የስክሪኑን ልክ የያዘውን ፋይል ከፍቶ ከሞኒተሩ ጀርባ ያነበብኩለትን ቁጥሮች አስገባ። እኔ ከኋላው ቆሜ እያንዳንዱን መስመር በዓይኔ እከተላለሁ። አጥፍቶ አበራው። ጥቁር ሆነ፣ ቆየ፣ አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ሰማያዊው ገጽ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ መጣ፤ ፊደሉ ሁሉ ትንንሽና ስል ሆኗል። ነዚፍ የሳንቲሟን ምስል ከፈተ። ክብ ነበረች። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ሳንቲም እያየን ተሳሳቅን። «አልሐምዱሊላህ» አሉ አባ ኦሊ፤ ሳንቲሟ ምን እንዳደረገች የገባቸው አይመስለኝም፣ ፊታችንን አይተው ነው። ያልጨመቅኩትን የአዴ ሰዕዲያን ፎቶ ከፈትኩ። ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጡት ሴት ናቸው፤ ያንኑ ግንባር፣ ያንኑ አገጭ፣ ያንኑ ከባላቸው ላይ ያላነሱትን ዓይን ይዘዋል። አንዲት መስመር አላለሰለስኩም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ምንም ሳልነካ ያተምኩት የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው፤ ጥሩ ሥራዬ የትኛው ነው ብትሉኝም እሱን ነው የምላችሁ።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊው ፎቶውን አንድ ጊዜ አየው፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ሁለቱም ሄዱ፣ በሰላምም ተመለሱ። እኔ ደግሞ ለብዙ ሳምንት ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። የተስተካከለው ስክሪን ለሰዉ አልተመቸውም። «ዘውዴ ምን አደረግከን፣ አከሳኸን እኮ» ይለኛል ሁሉም። ያ ቀጭን ልብስ ሰፊ ፎቶውን አስከፍቶ አየና፣ ልጁ እንደሞተበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ሁለተኛም አልመጣም። ነዚፍ ተንኮለኛ ነው፣ «ከፈለጉ ለእሱ ብቻ የድሮውን እመልስለታለሁ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያከሳኋቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ እያስጠራሁ በነጻ አተምኩላቸው፤ ዳኛው ብቻ የቀጠነውን ወድጄዋለሁ ብለው አልመልስም አሉ።

አሁን ግን ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ፤ የተለጠጠ ምስል ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ስክሪኑ የተስተካከለበት ቅጽበት አይደለምና። ፎቶው ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ለአባ ኦሊ ተሰጥቷል። ነዚፍ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። እኔ ተመልሰው የመጡትን የተበላሹትን አራት ጉርዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ማንም እንዳያያቸው ልቆራርጣቸው መቀስ አንስቻለሁ። አዴ ሰዕዲያ እስከዚያ ቀን አላዩአቸውም ነበር። ለመሄድ ሲነሱ ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈ፤ ጠጋ አሉ፤ እጃቸውን በመቀሱና በፎቶው መካከል አደረጉ። «አይቁረጧቸው ኦቦ ዘውዴ» አሉኝ። ተበላሽተዋል፣ እርስዎ አይደሉም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ መቀባጠር ጀመርኩ። አልሰሙኝም። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት።

«ሃዳ ኮ» አሉ።

እናቴ ናት ማለታቸው ነው። እናታቸው የሞቱት ፎቶ የሚባል ነገር የቡ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በመጨረሻው ዓመት ታመው ጉንጫቸው እንዲህ ገብቶ፣ አፍንጫቸው እንዲህ ሰልቶ ነበር። አባ ኦሊም ጠጋ ብለው አዩና «ወላሂ፣ እሷ ናት» አሉ። አዴ ሰዕዲያ ለእኔ ነው የተናገሩት፤ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። «ለእሷ ዱዓ ሳደርግ ፊቷ አይመጣልኝም ነበር። ስንት ዓመት። ረስቻታለሁ ማለት ነው እያልኩ ለማንም ሳልናገር አለቅስ ነበር። አሁን ይዣት እሄዳለሁ።» አራቱንም ሰብስበው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯቸውና ዝናቡ ሳይመለስ እንድረስ ብለው ባላቸውን ቀድመው ወጡ። እኔም መቀሱን መሳቢያው ውስጥ መለስኩት።